ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተነገረ መርዶ

ወንድሜ መሞቱን የሰማሁት በተቀበረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን እኔ ሀዋሳ ላይ ዓሣ እየበላሁ፣ ካርታ እየተጫወትኩ፣ «ይሄ ንፉግ ለምን አይደውልም» እያልኩ ስሰድበው ነበር። እሱ አፈር ለብሷል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ካርታ የማሸንፋቸው ሰዎችም ያውቁ ነበር። ለካ ያሸነፍኳቸው አዝነውልኝ ኖሯል።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተሰልፏል፤ ፊት ላይ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጣው ጸሐፊ። ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞትብህ በስልክ አይነገርህም፣ ቀትር ላይም አይነገርህም። በንጋት፣ ሆድህ ባዶ ሳለ፣ ሰው ከብቦህ ነው።

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም? ቀብሩ አመለጠኝ እኮ!» ስለው፣ ሊቀመንበሩ፣

«እንዳትደነግጥ ብለን ነው፤ ደም ብዛት አለብህ» አለኝ።

ደነገጥኩ እንጂ! ሁለቴ ደነገጥኩ። አንዴ በሞቱ፣ አንዴ በውሸቱ።

ከዚያ ወዲህ የቀረችኝ አንዲት ታላቅ እህት ነበረች። ናዝሬት ነው የምትኖረው፤ አሁን አዳማ ይሏታል፣ እኔ ምላሴ እሺ አላለኝም። እናታችን እርሻ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስኳር በሽታ እግሯን ከያዛት ቆይቷል። እናም ልጄንም ሊቀመንበሩንም ጎረቤቶቼንም ሰብስቤ፣ «የእህቴን ቀብር የደበቀኝ ሰው እኔን አያውቀኝም፤ አሁን እዚህ ማሉልኝ» አልኳቸው። አንድም የማለ የለም። «ኧረ ሟርትህን ተው!» ብለው ስለ ውሃ መጥፋት ማውራት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ነው መምህርቷ የመጣችው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት የማነበው የመኪና ሰሌዳ ብቻ ነበር። ዕድሜዬን ከባድ መኪና ስነዳ ኖርኩ። ጽሑፌ ላይ ጉድጓድ ካጋጠማችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉት።

ግቢዬ ውስጥ ካለው ሰርቪስ ቤት ተከራይ ወጥቶ ነበርና ደላላው አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። አርባ ዓመት የነካት፣ ቁመቷ እንደ መብራት እንጨት፣ አንድ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ልታስተምር ከበረዶ አገር የመጣች። አማርኛ እዚያው አገሯ ከመጽሐፍ ተምራለች። ስለዚህ ስትናገር እንደ ዳኛ ነው፤ ቃል አትውጥም፣ ቃል አትጨምርም።

ቤቱን አሳየኋት። ጣሪያውን አየች።

«ያፈሳል» አለች። «እዚህ ጋ ውሃ የወረደበት ምልክት አለ።»

እውነት ነው፣ ያፈሳል። ግን ይባላል እንዴ? እስከዚያ ቀን ቤቱን ያየ ሰው ሁሉ «በጣም ቆንጆ ቤት ነው፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄዶ በዚያው የቀረ ነው። እሷ «ያፈሳል» ብላ ሻንጣዋን አስገባች።

ነገሩ የጀመረው በኬክ ነው። አንድ እሁድ ከእኛው ከሀዋሳ ፒያሳ ኬክ ገዝታ መጣች፤ ያ ክሬም ያለበት። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አባባ፣ ኬክ ይበላሉ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«እሺ» አለችና ፊቴ ተቀምጣ ብቻዋን በላችው።

እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ ድረስ አየኋት። እናንተ ፍረዱኝ፤ በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ብሎ ኬክ ላይ ይወድቃል? «በሞቴ» መባል አለበት፣ ሁለተኛ መለመን አለበት፣ በሦስተኛው «ካልሽ እንግዲህ» ብሎ ይቀምሳል። ማታ ለልጄ ብነግራት በሳቅ ሞተች። ልጄ መሃል ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምታስተዳድረኝ እሷ ናት፤ ጥሩ አስተዳዳሪ ናት፣ ትንሽ አምባገነን ትሆናለች።

ልጄ ራሷ ግን በፋሲካ ደረሳት። መምህርቷን ጋበዘቻት፣ አንዴ ጨለፈችላት፣ ሁለቴ ጨለፈችላት። «ጠግቤያለሁ» አለች መምህርቷ። ልጄ ሦስተኛ ጨለፈች። «ጠግቤያለሁ ብያለሁ። ለምን አታምኚኝም?» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ልጄ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያን ሌሊት ልጄ ምግቤ ተናቀ ብላ፣ መምህርቷ ሆዷን አሟት፣ ሁለቱም አልተኙም።

ትልቁ ጥፋት ግን ሊቀመንበሩ ቤት የደረሰው ነው። አዲስ ቤት ሠርቶ ነበርና ፈረንጅ ጎረቤቱን ሊያሳይ ጠራት። ሳሎኑን አዞራት፣ መጋረጃውን አስነካት፤ «እንዴት ነው ታዲያ ቤታችን?» አላት።

«ሰፊ ነው። ሽንት ቤቱ ግን ይሸታል። ቱቦ ያስፈልገዋል።»

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። «ይቺን ሴትዮ ከሰፈራችን አስወጣልኝ።»

«ይሸታል እንዴ?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም!»

«ይሸታል እኮ። እኔ ራሴ እዚያ ቤት የምገባው ትንፋሼን ይዤ ነው።»

ሦስት ሳምንት አኮረፈኝ። ቱቦውን ግን አስገባ።

ይሁንና እሷም ተቸግራ ነበር። አንድ ቀን ከኮሌጅ ስትመለስ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ቦርሳዋን በረንዳ ላይ ወረወረችና ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። አጥሩ ላይ የቆመው አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ሳይቀር ፈርቶ ቦታ ለቀቀላት።

«አባባ፣ በየቀኑ 'ገባችሁ?' እላለሁ። ሁሉም 'አዎ መምህር' ይላሉ። ዛሬ ፈተና ሰጠሁ፤ ባዶ ወረቀት መለሱልኝ። ለምን ይዋሹኛል?»

«አልዋሹሽም። 'አልገባንም' ቢሉሽ 'ማስተማር አትችዪም' ማለት ይሆንባቸዋል። አክብረውሽ ነው።»

«አክብረውኝ ወደቁ?»

«አዎ፤ አክብረውሽ ወደቁ።»

አጠገቤ ተቀመጠች። «እርስዎንም እንዲህ አክብረው ዋሽተውዎት ያውቃሉ?» አለችኝ። የወንድሜን ነገር አጫወትኳት። አሥራ ስምንቱን ቀን፣ ዓሣውን፣ ካርታውን፣ ሁሉንም። የእህቴንም ሕመም ነገርኳት፤ የሷን ቀብር እንዳይደብቁኝ ማሉ ብዬ የማለ እንደሌለ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«እህትዎ ሲሞቱ እኔ እነግርዎታለሁ» አለች።

አማተብኩ። በሕይወት ያለችን ሰው፣ ምሳ የበላችን ሰው! «ክፉ ከአፍሽ አይውጣ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ሌሊት ስተኛ ግን የሚምልልኝ ሰው መገኘቱ ታወቀኝ።

ከዚያ ምን አደረግን መሰላችሁ? አበላሸናት። ሰው ሁሉ ሲጠምዳት እኔና ልጄ አዘንንና ሥርዓት እናስተምርሽ አልናት። በረንዳ ላይ ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ አሁን ተማሪዋ እሷ ናት።

«ምግቡ መጥፎ ቢሆንስ?»

«'እጅሽ ይባረክ' ትያለሽ» ትላታለች ልጄ።

«ሰውየው አርጅቶ ባገኘውስ?»

«'ምንም አልተለወጥክም።'»

«ልሄድ ስል ብዘገይ፣ ገና ቤት ብሆን፣ ቢደውሉልኝ?»

«'ደርሻለሁ፣ መታጠፊያው ጋ ነኝ' በያ!» አልኩ እኔ።

ይህንን ደጋግማ አሰመረችበት። ፒያሳ ላይ «ደርሻለሁ» ያላትን ሰው አንድ ሰዓት ቆማ የጠበቀችበት ምሥጢር የተገለጠላት ያን ቀን ነው። ቀጥላ፣

«ሰው ቢሞትስ?» አለች።

እኔ አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ዝም ትያለሽ። ሽማግሌዎች በንጋት እስኪናገሩ ትንፍሽ አትዪም።»

መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ። «አይደለም፤ ለእኔ ቃል ገብታለች» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጄን ፈራሁ። መምህርቷም ጻፈችው።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሰው ሆነች። ሦስት ጊዜ ካልተለመነች አትበላም። የሊቀመንበሩን ሚስት ያረረ ወጥ በልታ «እጅዎ ይባረክ» ብላ ድገሙኝ አለች። ሊቀመንበሩ «አሁን ሰው ሆነች» እያለ ያመሰግነኛል። እኔ ግን ደህና ፍሬን የነበረውን መኪና ፍሬኑን ፈትቼ ለመንገድ የሰጠሁት ያህል ከነከነኝ። የእህቴ እግር ደግሞ እየባሰበት ነበር። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትለኛለች። እሷም የዚህ አገር ሰው ናት።

እንግዲህ ቀኗ መጣች። ሐሙስ ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል። ገና ሊነጋ ሲል ልጄ ለባብሳ፣ ቦርሳ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች።

«አባዬ፣ ድንገተኛ ስልጠና ተጠርቼ ነው። አዲስ አበባ ነው። ምናልባት አድራለሁ።»

«ጥቁር ለብሰሽ?»

«ፋሽን ነው።» ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እሷ ግንባሬን የምትስመኝ በዓመት በዓል ነው። «ስልክህ ደግሞ ሲግናሉ አስቸግሯል፤ አሠርቼልህ እመጣለሁ» ብላ ከትራሴ ሥር ይዛው ወጣች። ማታ ሬዲዮ ስሰማበት ምንም አላስቸገረኝም ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ሴትዮ ቆጮ በጎመን በሰሐን ሸፍና መጣች። የሲዳማ ሴት ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ጨዋ ናት፤ ግን በውሃ መስመር ተጣልተን ወር አልተነጋገርንም። አሁን «ይብሉ አባባ፣ ትኩስ ነው» ትለኛለች ድምጿን አለስልሳ።

ሰሐኑን አየሁት። እሷን አየኋት። «እህቴ ሞታለች?» አልኩ።

ይቺ ሴት አትዋሽም፤ ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም። ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ። «ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል! አንቺ ታውቂያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«አባባ፣ እስኪ አብረን እንጸልይ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች እኔ በር ከፍቼ ወጣሁ።

ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ነው ያገኘሁት፤ የሚጠብቀኝ ይመስላል።

«እህቴ ሞታለች?»

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ትላንት ማታ አናግሬያት! ስትስቅ ነበር ያመሸችው።»

እህቴና ሊቀመንበሩ በዕድሜያቸው ተገናኝተው አያውቁም። ግን ይህ ሰው ሊቀመንበር ከሆነ ጀምሮ ስለሚዋሽ የሱ ውሸት ማስረጃ አይሆንም። «ና በል፣ አንድ ሁለት ዙር እንጫወት» ብሎ ገና በሁለት ሰዓት ካርታ አወጣ። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አሸነፍኩ። ሁለተኛውን አሸነፍኩ። በሦስተኛው ላይ የያዘውን ጆከር ለእኔ ጣለልኝ። ጆከር! ጆከር የሚጥል ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ አዝኖልሃል።

ካርታውን አስቀመጥኩ። ተነሣሁ። «ወዴት ነው? ገና ነን እኮ!» እያለ ይከተለኛል። ማወቅ አወቅኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? መቼ ነው የሞተችው? ተቀብራለች? ትቀበራለች? የት ደብር? ስልኬ የለም። ሰፈሩ በሙሉ እንደ ባንክ በር ተዘግቶብኛል።

ግቢዬ ስገባ መምህርቷ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት አላት። ተማሪ አንድ ደቂቃ ሲዘገይ በር የምትዘጋ ሴት ናት። አሁን እግሯ ሥር ቦርሳ አለ፤ የመንገድ ጫማ አድርጋለች። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ደርሶ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ምልክት ይሰጣታል። አየችው። እኔንም አየችኝ።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ይቀመጡ። ደም ብዛት አለብዎት።»

ተቀመጥኩ።

«እህትዎ ሌሊት ሞተዋል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ነው። አሁን ከሄድን እንደርሳለን። መድኃኒትዎን ይዣለሁ።»

ይኸው ነው። ሰው ሟች ነው የለ፣ ዓለም ከንቱ የለ። እንደ መንገድ ምልክት፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ቀስት፣ ጨረስን። ሊቀመንበሩ «ወይኔ! ገደለችው!» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ ግን አልሞትኩም። ጆሮዬ ትንሽ ጮኸ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ጫማዬ የት ነው?» ሆነ።

«ልጄ ነግራሽ ነው?»

«አዎ። ሙዚቃ እንዳልከፍት፣ እንዳልናገርም አደራ አለችኝ። እሺ አልኳት። ዋሸኋት።» ቦርሳዋን አነሣች። «ጥሩ አድርጌ ነው የዋሸሁት። አላወቀችም።»

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን። የናዝሬት ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይጮኻል። መምህርቷ ጭንቅላቷን አስገብታ ቆጠረች።

«አምስት ወንበር ባዶ ነው። ለምን አንድ ትላለህ?»

«ወንበር መቁጠር ነው እንዴ? ግቢ በቃ፣ መውጣታችን ነው።»

«'መውጣታችን ነው' ማለት አንሄድም ማለት ነው። ስማ፤ የእኚህ ሰው እህት ሞተዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወንበሩ እስኪሞላ ከጠበቅክ ቀብሩ ያመልጣቸዋል።»

በመናኸሪያ መሐል! እኔ ቆሜ! ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ምነው አንቺ!» «ኧረ በስመ አብ!» እያለ አፉን ያዘ። አንዲት እናት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔን አታውቀኝም፣ እህቴንም አታውቃትም። ሹፌሩ ግን ወርዶ ትከሻዬን ሳመኝና ጎኑ አስቀመጠኝ። አምስቱ ወንበር ባዶ እንደሆነ ሞተሩን አስነሣ። ረዳቱ እስከ ሻሸመኔ ድረስ መምህርቷን በጎን ያያት ነበር።

መንገዱን የማውቀው እንደ መዳፌ ነው። ዝዋይን አለፍን፣ መቂን አለፍን። ከባድ መኪና ፊታችን በተደቀነ ቁጥር ቀኝ እግሬ የሌለ ነዳጅ ይረግጣል። ሹፌሩ አይቶ፣ «አባባ፣ እኔም ረግጫለሁ፣ አይዞዎት» አለኝ። እንባ አልመጣልኝም። መምህርቷ ከኋላ ሰዓቷን እያየች ትነግረኛለች፦ «ስድስት ከሩብ። ደህና ነን።» «ሰባት ሰዓት። ትንሽ ዘግይተናል።» ሌላ ሰው ቢሆን «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ብሎ ይገድለኝ ነበር።

ስንደርስ ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ፍትሐት ላይ ነው። ልጄ በዚያ በፋሽኗ ጥቁር ቀሚስ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። አየችኝ። መንፈስ ያየች መሰለች።

«አባዬ! ማን ነው የነገረህ?»

መምህርቷ ከጀርባዬ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ።»

የእህቴ የባሏ ዘመዶች ዞረው አዩዋት። «ይቺ ናት እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያረዳችው? በመንገድ? ያለ ሰው?» ይላል አንዱ። እህቴን የገደለች እሷ ብትመስላቸው አይፈረድባቸውም። እኔ በመሐላቸው አልፌ ቃሬዛው ሥር ገባሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ተሸከምኩ፤ ጉልበቴ እስከዚያው ነው። እሷ ከወንዝ እስከ ቤት፣ ዳገቱን በሙሉ ነበር አዝላኝ የምትወጣው። ሃያ እርምጃ ምን አላት። ግን ተሸከምኳት። አፈርም አለበስኳት።

ቀብሩ ሲያልቅ ልጄ ግንብ ሥር ወስዳ አፋጠጠችኝ። «ልብህ ቢቆምስ? እዚያው ብትሞትብኝስ አባዬ?»

«ብሞትማ ምን ችግር ነበረው? ሰውም መጥቷል፣ ካህናቱም ተገኝተዋል፤ አንድ ላይ ይገላገሉን ነበር።»

ልትቆጣ አስባ ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር ለቅሶው ወጣ። «በወንድምህ ጊዜ አንድ ሳምንት ምግብ አልበላህም እኮ» አለችኝ። አልበላሁም፣ እውነቷን ነው። ግን ያልበላሁት በሞቱ መሆኑንና በውሸቱ መሆኑን ጠይቃኝ አታውቅም። ያን ቀን ነገርኳት።

መምህርቷ ያንኑ ቀን ተመለሰች። ለቀስተኛው «አድሪ እንጂ» ቢላት፣ «አይ፣ ነገ ትምህርት አለኝ» አለች። በአንዴ። ሦስት ጊዜ ሳትለመን። ደስ አለኝ፤ ፍሬኗ አሁንም ይሠራል። እኔ ሰልስቱን ውዬ ሀዋሳ ገባሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

ስከፍት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተሰልፏል። ፊት ላይ ሊቀመንበሩ፤ ከኋላ የጎረቤቴ ሴትዮ መሐረብ ይዛ።

«ምንድነው?»

«መርዶ ልንነግርህ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«አንተ ሰው፣ ቀብሬያት መጣሁ እኮ!»

«ሰምተናል። በደንባችን ግን መርዶ ሳይነገር ድንኳን አይተከልም። ድንኳን ካልተተከለ ደግሞ ሰው አይቀመጥልህም። ስለዚህ ተቀመጥ፣ እንንገርህ።»

ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በዚህ መሐል መምህርቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከሰርቪስ ቤቱ ወጣች። አየችን፤ አፏን ከፈተች። አሁን «ያውቃሉ እኮ፣ እኔ ነግሬያቸዋለሁ» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። የሊቀመንበሩን ፊት አየች፣ የኔን አየች፣ አፏን መልሳ ዘጋችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከራሱ እናት ሞት ጀመረ። ከዚያ ወደ አባቱ ሄደ። ከዚያ ሚስቴን አነሣት፤ አንድ ጊዜ ብርድ ሲመታው አጥሚት አፍልታ እንደላከችለት እኔ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወንድሜን አነሣው። «ያኔ ቀብሩን አስቀረንህ፤ እኔ ነኝ እንዳይነገረው ያልኩት» አለ። መልሶ ሰው ሟች ነው አለ፣ ዓለም ከንቱ ነው አለ። እኔ በልቤ «ና በል ድረስ፣ ነዳጅህ ሊያልቅ ነው» እላለሁ። በመጨረሻ፣ «ያቺ አዝላ ያሳደገችህ እህትህ» ሲል ጮህኩ። አጥሩ ላይ ያደሩት አባ ኮዳዎች ሁሉ ተነሥተው በረሩ። በመንገድ ያልመጣ፣ በመቃብሩ ላይ ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣ። የጎረቤቴ ሴትዮ አቀፈችኝ፤ የውሃ መስመሩ ነገር በዚያው ቀረ። መምህርቷ ክንዴን ይዛለች።

ስረጋጋ ሊቀመንበሩ፣ «አየህ? በወጉ ሲነገር እንዲህ ነው» አለኝ ኮራ ብሎ።

«በወጉ ብቻ ቢሆን ዛሬ አንቄህ ነበር» አልኩት።

ድንኳኑ ተተከለ። ሦስት ቀን ሰው ተቀመጠልኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ እንደ ወጉ ካርታ አወጡ፤ ሊቀመንበሩ ፊቴ ተቀመጠ። ሲያድል እጁን ያዝኩት።

«እውነትህን ተጫወት።»

አራት ዙር ተከታትሎ አሸነፈኝ። በአራተኛው ላይ የማሸነፊያውን ጆከር ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ጠረጴዛው ጮኸ፤ «ዝንጀሮ! ካርታ የት አባትህ ተማርክ!» ብሎ በለቅሶ ቤት መሐል ሰደበኝ። ያን ጊዜ ከእህቴ ወዲህ ሌላ ማንም እንዳልሞተብኝ አወቅኩና እፎይ አልኩ።